የልብ መድኃኒቶች የእርስ በርስ መስተጋብርና የሚመዘንባቸው የስታቲስቲክስ ዘዴዎች

የልብ ሕመም ያለበት ሰው አንድ መድኃኒት ብቻ የሚወስድበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። የልብ ድካም ላለበት ሕመምተኛ በአሁኑ ወቅት በሥራ ላይ ባሉት ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች መሠረት ከአራት የተለያዩ ምድቦች የተውጣጡ መድኃኒቶች የሚታዘዙ ሲሆን፣ የልብ ምት መዛባት፣ የስኳር ሕመም ወይም የደም ቅባት ሲጨመርበት ቁጥሩ ወደ ስምንትና አሥር ከፍ ሊል ይችላል። አምስት መድኃኒቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲጣመሩ 10 ጥንዶች፣ አሥር መድኃኒቶች ደግሞ 45 ጥንዶች ይሆናሉ። ከእነዚህ ጥንዶች አብዛኞቹ የሚያስከትሉት ችግር የለም። ጥቂቶቹ ግን ሕይወት እስከ ማሳጣት ይደርሳሉ። ጥቂቶቹን ከብዙዎቹ ለይቶ ማወቅ የሐኪሙና የፋርማሲስቱ ኃላፊነት ብቻ ሳይሆን መድኃኒት የሚመዘግበው፣ ግዥ የሚፈጽመውና የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው መሥሪያ ቤትም ሥራ ነው።

በዚህ ረገድ የዲጎክሲንና የኪኒዲን ጉዳይ በተደጋጋሚ በምሳሌነት ይጠቀሳል። ሁለቱ መድኃኒቶች የልብ ምት መዛባት ላለባቸው ሕሙማን ለአሥርተ ዓመታት በአንድነት ሲታዘዙ ቆይተዋል። ኪኒዲን በደም ውስጥ የሚገኘውን የዲጎክሲን መጠን በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ ወደ እጥፍ የሚያስጠጋ መሆኑ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ በ1978 ነው። ዲጎክሲን በሚፈውሰውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ በመሆኑ የመጠኑ እጥፍ መሆን እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ነገሩ ይህን ያህል ዘመን ተሸፍኖ የቆየው በደም ውስጥ ያለውን እጅግ ጥቂት የዲጎክሲን መጠን በትክክል የሚለካ የላቦራቶሪ ዘዴ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ባለመኖሩ ነበር። የመመረዙ ምልክቶች የሆኑት ማቅለሽለሽና የልብ ምት መዛባትም ከሕመሙ ከራሱ ምልክቶች ጋር ስለሚመሳሰሉ የመድኃኒቶቹን ጥምረት የሚጠረጥር አልነበረም።

ከምን ጋር ሲነፃፀር?

የመድኃኒቶች መስተጋብር በሁለት መንገድ ሊከሰት ይችላል። በአንደኛው አንዱ መድኃኒት ሌላው ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን፣ በጉበት ውስጥ የሚበታተንበትን ወይም በኩላሊት የሚወገድበትን ሂደት በመለወጥ በደም ውስጥ ያለውን መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። በሁለተኛው ደግሞ የሁለቱም መጠን ሳይለወጥ ውጤታቸው በአንድ የሰውነት ክፍል ላይ ይገናኛል። ሁለት ደም ማቅጠኛ መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲሰጡ የመድማት አደጋ መጨመሩ የሁለተኛው ዓይነት ምሳሌ ነው።

ሁለት መድኃኒቶች አንድ ላይ ሲሰጡ ውጤቱ ከአንዱ ብቻ መብለጡ ብቻውን መስተጋብር መኖሩን አያሳይም። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ ቢሠሩ ኖሮ ሊገኝ ይችል የነበረው ውጤት አስቀድሞ መሰላት ይኖርበታል። መስተጋብር አለ የሚባለው የታየው ውጤት ከዚህ ከተጠበቀው ሲበልጥ ወይም ሲያንስ ነው። ስለሆነም የስታቲስቲክሱ ዋና ጥያቄ “የሚጠበቀው ምን ያህል ነበር?” የሚለው ነው።

ይህን በግልጽ ለማሳየት እ.ኤ.አ በ1988 ውጤቱ ይፋ የሆነው አይሲስ-2 የተሰኘው ዓለም አቀፍ ጥናት ተስማሚ ነው። በጥናቱ በድንገተኛ የልብ ሕመም ተጠርጥረው በ417 ሆስፒታሎች የተኙ 17,187 ሕሙማን በዕጣ በአራት ቡድኖች ተመድበዋል። የመጀመሪያው ቡድን የረጋ ደም የሚያሟሟውን ስትሬፕቶካይኔዝን፣ ሁለተኛው አስፒሪንን፣ ሦስተኛው ሁለቱንም የወሰደ ሲሆን አራተኛው መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ ብቻ ተሰጥቶታል። በአምስት ሳምንት ውስጥ ማስመሰያ ከወሰዱት 13.2 በመቶ፣ አስፒሪን ብቻ ከወሰዱት 10.7 በመቶ፣ ስትሬፕቶካይኔዝ ብቻ ከወሰዱት 10.4 በመቶ፣ ሁለቱንም ከወሰዱት ደግሞ 8.0 በመቶ በልብና በደም ሥር ሕመም ምክንያት ሞተዋል።

ስሌቱ በሁለት መንገድ ሊሠራ ይችላል። በመደመር መንገድ አስፒሪን ከ100 ሰዎች 2.5፣ ስትሬፕቶካይኔዝ 2.8 ሞት ስለሚያስቀር ሁለቱ በአንድነት 5.3 እንደሚያስቀሩና የሞት መጠኑ ወደ 7.9 በመቶ እንደሚወርድ ይጠበቃል። በማባዛት መንገድ ግን እያንዳንዱ መድኃኒት አደጋውን በምን ያህል እጅ እንደቀነሰ ታይቶ ምጣኔዎቹ ይባዛሉ፤ ሲሰላም 8.4 በመቶ ይሆናል። የታየው 8.0 በመቶ ለሁለቱም የቀረበ በመሆኑ አንዱ መድኃኒት የሌላውን ሥራ አላሰናከለም፤ ከሚጠበቀው በላይም አላገዘውም ማለት ይቻላል። ለሕሙማኑ ይህ ትልቅ የምሥራች ነበር። ሁለት ጥቅሞች ሳይሸራረፉ ተደምረዋልና።

ሁለቱ የስሌት መንገዶች ሁልጊዜ እንዲህ አይቀራረቡም። ለማስረዳት ያህል ብቻ ከ1,000 ሕሙማን መካከል ምንም ደም ማቅጠኛ ካልወሰዱት 10፣ አንደኛውን ከወሰዱት 20፣ ሌላኛውን ከወሰዱት 30፣ ሁለቱንም ከወሰዱት 60 ሰዎች ደሙ ቢባል፣ በማባዛት መንገድ የሚጠበቀውም 60 ስለሆነ መስተጋብር የለም ይባላል። በመደመር መንገድ ግን የሚጠበቀው 40 በመሆኑ ከሁለቱ መድኃኒቶች መገናኘት የተነሳ ብቻ 20 ተጨማሪ ሰዎች ደምተዋል። በሁለቱም አሠራር የስሌት ስህተት የለም። የመድኃኒቱን ባሕርይ የሚያጠና ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ የማባዛቱን መንገድ ይመርጣል፤ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ያወጣሉ። የአልጋ፣ የደምና የበጀት ዕቅድ የሚያወጣ ኃላፊ ግን የሚያስፈልገው የተጨማሪዎቹ ሰዎች ቁጥር ነው። ስለሆነም “መስተጋብር አልተገኘም” የሚል ሪፖርት ሲቀርብ በየትኛው መለኪያ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

በጤናማ ፈቃደኞች ላይ የሚደረግ ልኬት

አዲስ መድኃኒት ከመመዝገቡ በፊት የመጀመሪያው ዓይነት መስተጋብር፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው መጠን መለወጥ፣ የሚጠናው ቁጥራቸው ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደርዘን በማይበልጥ ጤናማ ፈቃደኞች ላይ ነው። እያንዳንዱ ፈቃደኛ በአንድ ወቅት መድኃኒቱን ለብቻው፣ በሌላ ወቅት ከሁለተኛው መድኃኒት ጋር ይወስዳል። በመካከሉ የመጀመሪያው ከሰውነት ተጠርጎ እስኪወጣ ድረስ የዕረፍት ጊዜ ይኖራል። ሰው ከራሱ ጋር ስለሚነፃፀር የዕድሜ፣ የክብደትና የዘር ውርስ ልዩነት ስሌቱን አያዛባም፤ በጥቂት ሰዎች ላይ ተመሥርቶ አስተማማኝ መልስ ማግኘት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ደም በየሰዓቱ እየተቀዳ የመድኃኒቱ መጠን ከተለካ በኋላ ሰውነት በጠቅላላው ምን ያህል መድኃኒት እንዳገኘ ይሰላል። የሁለቱ ወቅቶች ምጣኔም ይወሰዳል። ስሌቱ የሚሠራው በሎጋሪዝም ሲሆን፣ ይህም የሚሆነው እጥፍ መጨመርና በግማሽ መቀነስ በሚዛን እኩል ክብደት እንዲኖራቸው ነው። የምጣኔው የ90 በመቶ የመተማመኛ ወሰን በ0.80 እና በ1.25 መካከል ሙሉ በሙሉ ከወደቀ መስተጋብር የለም ተብሎ ይወሰዳል። ሁለተኛው መድኃኒት የመጀመሪያውን መጠን አምስት እጥፍና ከዚያ በላይ ካሳደገው ኃይለኛ አጋጅ፣ ከሁለት እስከ አምስት እጥፍ ካሳደገው መካከለኛ፣ ከ1.25 እስከ ሁለት እጥፍ ካሳደገው ደካማ ይባላል። የተለያዩ አገሮች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች በዚህ ጉዳይ የነበሯቸው መመሪያዎች እ.ኤ.አ በ2024 አይሲኤች ኤም12 በተባለው ዓለም አቀፍ ሰነድ እንዲጣጣሙ ተደርጓል።

ይሁን እንጂ “ደካማ” የሚለው ቃል ሊያሳስት አይገባም። ለዲጎክሲንና ለዋርፋሪን ዓይነት የመጠን ወሰናቸው ጠባብ ለሆነ መድኃኒቶች የ50 በመቶ ጭማሪ እንኳ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል። በአንፃሩ ወሰኑ ሰፊ ለሆነ መድኃኒት እጥፍ ጭማሪ ምንም ላያስከትል ይችላል።

እነዚህ ልኬቶች በወቅቱ ሳይሠሩ ወይም ሳይከበሩ ሲቀሩ የሚደርሰውን ጉዳት የሴሪቫስታቲን ታሪክ ያሳያል። የደም ቅባትን የሚቀንሰው ይህ መድኃኒት ጡንቻን በማሟሟትና ኩላሊትን በማወክ በሚያስከትለው ጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ በነሐሴ 2001 ከገበያ ተሰብስቧል። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ከመድኃኒቱ ጋር ተያይዘው ሪፖርት ከተደረጉት 31 ሞቶች መካከል በ12ቱ ሕሙማኑ ጌምፊብሮዚል የተባለ ሌላ የቅባት መቀነሻም ይወስዱ ነበር። ሁለቱ አብረው እንዳይታዘዙ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ አስቀድሞ የተጻፈ ቢሆንም ማዘዙ አልቆመም። ጌምፊብሮዚል በደም ውስጥ ያለውን የሴሪቫስታቲን መጠን ከአምስት እጥፍ በላይ እንደሚያሳድገው የሚያሳየው ጥናት የታተመው መድኃኒቱ ከተሰበሰበ በኋላ በ2002 ሲሆን፣ ጥናቱ የተካሄደውም በ10 ጤናማ ፈቃደኞች ላይ ነበር። ከዚህ ቀደም ብሎም ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም በ1997 በአሜሪካ የተፈቀደው ሚቤፍራዲል ከ25 በላይ ከሆኑ መድኃኒቶች ጋር አደገኛ መስተጋብር እንዳለው በመታወቁ በዓመቱ በ1998 ተሰብስቧል።

“ልዩነት አልተገኘም” ማለት ምን ማለት ነው?

በሕሙማን ላይ በሚደረጉ ትልልቅ ክሊኒካዊ ሙከራዎች መስተጋብርን መፈተን ከሚታሰበው በላይ አስቸጋሪ ነው። በአይሲስ-2 የአስፒሪን ጥቅም የተመዘነው ወደ 8,600 የሚጠጉ ሰዎችን ከሌሎች 8,600 ሰዎች ጋር በማነፃፀር ነው። መስተጋብሩን ለመመዘን ግን አራቱን ቡድኖች ለየብቻ አስቀምጦ የልዩነቶችን ልዩነት ማስላት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ቡድን ወደ 4,300 ሰዎች ብቻ ስላሉት የስህተቱ ስፋት ይጨምራል። በሒሳብ ሲሰላ የመድኃኒቱን ዋና ውጤት የሚያክል መስተጋብር ለማየት የናሙናው ቁጥር አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ የዋናውን ግማሽ ለሚያህል መስተጋብር ደግሞ 16 እጥፍ። ይህን ያህል ሕሙማን የሚመዘግብ ጥናት እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ በተለመደው መጠን የተካሄደ ጥናት “መስተጋብሩ በስታቲስቲክስ ትርጉም ያለው ሆኖ አልተገኘም” ብሎ ሲደመድም በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ናሙናው ማነስ ነው።

አስፒሪን የኤናላፕሪልን ወገን መድኃኒቶች ጥቅም ይቀንስ እንደሆነ ለዓመታት ክርክር ነበር። በ2002 የስድስት ትልልቅ ሙከራዎች መረጃ ተጠቃልሎ የ22,060 ሕሙማን ሁኔታ ታየ። የኤናላፕሪል ወገን መድኃኒቶች አስፒሪን በማይወስዱት ላይ ዋና ዋና የልብ አደጋዎችን በ29 በመቶ ገደማ፣ በሚወስዱት ላይ በ20 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። መስተጋብር ጭራሽ ባይኖር እንኳ ይህን የሚያክል ወይም የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል 7 በመቶ ነበር። ከ22 ሺህ ሕሙማን በኋላ እንኳ ቁርጥ ያለ መልስ አልተገኘም ማለት ነው። ሆኖም ለውሳኔ የሚበቃ ነገር ተገኝቷል፤ አስፒሪን በሚወስዱትም ላይ ጥቅሙ ግልጽ ስለነበር ሁለቱን አብሮ ማዘዙ ቀጥሏል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስህተት ደግሞ ብዙ ጊዜ በመፈለግ የሌለን መስተጋብር ማግኘት ነው። አንድ ተመራማሪ በ20 መድኃኒቶች መካከል ያሉትን 190 ጥንዶች በተለመደው የ5 በመቶ መመዘኛ ቢፈትን፣ አንድም እውነተኛ መስተጋብር ባይኖር እንኳ ዘጠኝ ወይም አሥር ጥንዶች በአጋጣሚ “ተገኙ” ይባላሉ። የአይሲስ-2 አዘጋጆች ይህን ለማስረዳት ሕሙማኑን በተወለዱበት ኮከብ ከፋፍለው ነበር። በውጤቱም አስፒሪን ኮከባቸው ገውዝና ሚዛን የሆኑትን ሕሙማን በመጠኑ የጎዳ፣ የሌሎቹን ሞት ግን በ28 በመቶ የቀነሰ መሰለ። አዘጋጆቹ በኮከብ ቆጠራ አምነው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ፍተሻው በበዛ ቁጥር መመዘኛው መጥበቅ የሚኖርበት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ የሚፈተኑት ጥንዶች ከጥናቱ መጀመር በፊት በጽሑፍ እንዲታወቁ የሚጠየቀውም ለዚሁ ነው።

ጥቅምና ጉዳት በየራሳቸው ሚዛን መታየት እንዳለባቸው ደግሞ በ2008 የታተመው ኦንታርጌት የተባለው ጥናት አመልክቷል። በ25,620 ሕሙማን ላይ ራሚፕሪልን፣ ቴልሚሳርታንንና የሁለቱን ጥምረት ያነፃፀረው ይህ ሙከራ ዋና ዋና የልብ አደጋዎች በቅደም ተከተል 16.5፣ 16.7 እና 16.3 በመቶ ሆነው አግኝቷል። ጥምረቱ የጨመረው ጥቅም አልነበረም። የኩላሊት መታወክ ግን ራሚፕሪል ብቻ በወሰዱት 10.2 በመቶ ሲሆን ሁለቱን በወሰዱት 13.5 በመቶ ደርሷል።

የኦንታሪዮ ተሞክሮ

በሙከራ ጥሩ የሆነ ጥምረት በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሠራበት ምን ሊሆን እንደሚችል ከካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የበለጠ የሚያስተምር መረጃ የለም ለማለት ይቻላል። በመስከረም 1999 ራልስ የተባለው ሙከራ ስፓይሮኖላክቶን የተባለው ሽንት አብዢ መድኃኒት ከባድ የልብ ድካም ባለባቸው ሕሙማን ላይ ሞትን በ30 በመቶ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ከሕሙማኑ አብዛኞቹ የኤናላፕሪልን ወገን መድኃኒት ጭምር ይወስዱ ነበር። ሁለቱም መድኃኒቶች ሰውነት ፖታስየም እንዲያከማች ያደርጋሉ፤ በደም ውስጥ ያለው ፖታስየም ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ልብ ሊቆም ይችላል። በሙከራው ግን ኩላሊታቸው የተጎዳ ሕሙማን አስቀድመው እንዲወጡ ተደርጎ፣ የቀሩትም ደማቸው በየጊዜው ይመረመር ስለነበር ከባድ የፖታስየም መብዛት የታየው በ2 በመቶ ገደማ ላይ ብቻ ነበር።

ሙከራው ከታተመ በኋላ በኦንታሪዮ ዕድሜያቸው 66 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ በልብ ድካም ሆስፒታል ተኝተው የወጡና የኤናላፕሪልን ወገን መድኃኒት የሚወስዱ ሕሙማን የመድኃኒትና የሆስፒታል መዝገብ በተከታታይ የጊዜ መረጃ ትንተና ተፈትሿል። ዘዴው በመሠረቱ ቀላል ነው። ከ1999 በፊት የነበሩት ዓመታት አካሄድ ተወስዶ ሙከራው ባይታተም ኖሮ ቀጣዮቹ ዓመታት ምን ይመስሉ እንደነበር ይተነበያል፤ ከዚያም የተተነበየው ከታየው ጋር ይነፃፀራል። በ2004 የታተመው ውጤት እንደሚያመለክተው የስፓይሮኖላክቶን ትዕዛዝ በ1994 ከ1,000 ሕሙማን 34 የነበረው በ2001 መጨረሻ ወደ 149 ከፍ ብሏል። በፖታስየም መብዛት ሆስፒታል የገቡት ከ1,000 ሕሙማን ከ2.4 ወደ 11.0፣ ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሞቱት ደግሞ ከ0.3 ወደ 2.0 አድገዋል። በ2001 ብቻ ይጠበቅ ከነበረው በላይ 560 ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል፤ 73 ሰዎችም ሞተዋል።

መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ አልነበረም፤ ዛሬም ከልብ ድካም ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው። የተለወጠው መድኃኒቱን የሚወስዱት ሰዎችና የሚደረግላቸው ክትትል ነበር። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በስኮትላንድ ቴይሳይድ አካባቢ ተካሂዶ በ2010 የታተመ ጥናት ነው። በዚያም የስፓይሮኖላክቶን ትዕዛዝ ከ1999 በኋላ በፍጥነት ቢያድግም የደም ምርመራው አብሮ በመጠናከሩ የፖታስየም መብዛት በኦንታሪዮ እንደታየው አልጨመረም። የመስተጋብር መጠን ቋሚ ቁጥር አይደለም፤ ላቦራቶሪ ባለበትና በሌለበት ጤና ጣቢያ ሊለያይ ይችላል።

በዚያው ክፍለ ሀገር ከ1994 እስከ 2000 ያለውን ጊዜ የሸፈነና በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት የተገላቢጦሽ መንገድ ተከትሏል። ተመራማሪዎቹ በጉዳቱ ሆስፒታል ከገቡት ሰዎች ተነስተው ከመግባታቸው በፊት በነበረው አንድ ሳምንት ምን እንደወሰዱ መረመሩ። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛም ያንኑ መድኃኒት የሚወስዱ ነገር ግን ያልተጎዱ ሰዎችን ለማነፃፀሪያ መርጠዋል። የኤናላፕሪልን ወገን መድኃኒት እየወሰዱ በፖታስየም መብዛት የገቡት 523 ሕሙማን ፖታስየም የሚያስቀር ሽንት አብዢ ወስደው የመገኘታቸው ዕድል ካልተጎዱት ጋር ሲነፃፀር 20 እጥፍ ያህል ነበር። በዲጎክሲን መመረዝ የገቡት 1,051 ሕሙማን ደግሞ ክላሪትሮማይሲን የተባለውን ፀረ ተህዋስያን ወስደው የመገኘታቸው ዕድል 12 እጥፍ ያህል ሆኗል።

የዚህ ጥናት ብልሃት ያለው በመቆጣጠሪያ መድኃኒቱ ላይ ነው። ፀረ ተህዋስያን የሚታዘዝለት ሰው ቀድሞውኑ የታመመ በመሆኑ ለጉዳቱ ምክንያት የሆነው ክላሪትሮማይሲን ሳይሆን ኢንፌክሽኑ ሊሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ይነሳል። ይህን ለመለየት ለተመሳሳይ ሕመም የሚታዘዘው ነገር ግን ከዲጎክሲን ጋር መስተጋብር የሌለው ሴፉሮክሲም በተመሳሳይ መንገድ ተፈተነ፤ ግንኙነትም አልታየም። ኢንፌክሽኑ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ሴፉሮክሲምም አብሮ በተከሰሰ ነበር።

ክሎፒዶግሬልና ኦሜፕራዞል

የታካሚዎች መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናትና በዕጣ የተመደበ ሙከራ ሲጋጩ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች የሚገጥማቸውን ፈተና የክሎፒዶግሬልና የኦሜፕራዞል ጉዳይ ያሳያል። ክሎፒዶግሬል የደም መርጋትን ለመከላከል ከድንገተኛ የልብ ሕመም በኋላ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሥራውን የሚጀምረው በጉበት ኢንዛይም ከተለወጠ በኋላ ነው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ይህንኑ ኢንዛይም ያግዳል። በ2009 በአሜሪካ በ8,205 ሕሙማን መዝገብ ላይ የታተመ ጥናት ክሎፒዶግሬልን ከእነዚህ የጨጓራ መድኃኒቶች ጋር የወሰዱት የመሞት ወይም በልብ ሕመም ዳግም ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው በ25 በመቶ ከፍ ያለ መሆኑን ገለጸ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሁለቱ አብረው እንዳይወሰዱ አስጠነቀቀ።

ሳይስተካከል ሲታይ ግን ልዩነቱ ከ20.8 በመቶ ወደ 29.8 በመቶ ነበር። ለዕድሜና ለተጓዳኝ ሕመሞች ማስተካከያ ሲደረግ እጅግ ጠበበ። የጨጓራ መድኃኒት የሚታዘዝላቸው በዕድሜ የገፉና ብዙ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በመሆናቸው ከቀረው 25 በመቶ ምን ያህሉ የመድኃኒቱ፣ ምን ያህሉ የሕሙማኑ ሁኔታ እንደሆነ መዝገቡ ብቻውን ሊናገር አይችልም። በ2010 የታተመውና 3,761 ሕሙማን የተካተቱበት ኮጀንት የተባለው ሙከራ ኦሜፕራዞልን ከማስመሰያ ጋር አነፃጽሮ የልብ አደጋ ልዩነት አላገኘም፤ ምጣኔው 0.99 ነበር። የሆድ ዕቃ መድማትና ተያያዥ ጉዳቶች ግን ከ2.9 በመቶ ወደ 1.1 በመቶ ወርደዋል።

ይሁንና ሙከራው ገንዘብ በማጣቱ ከታሰበው ቀድሞ ቆሟል። በሁለቱም ቡድኖች የተመዘገቡት የልብ አደጋዎች በጠቅላላው 109 ብቻ ስለነበሩ የመተማመኛ ወሰኑ ከ0.68 እስከ 1.44 የሰፋ ነበር። ይህም ማለት በመዝገቡ ጥናት የተገኘው የ25 በመቶ ጭማሪ በወሰኑ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ምክንያት ማስጠንቀቂያው ከመድኃኒቱ መግለጫ አልተነሳም። ሐኪሞችም የሆድ መድማት ለሚያሰጋቸው ሕሙማን ኢንዛይሙን እምብዛም የማያግደውን ፓንቶፕራዞልን መምረጥ ልማድ አድርገዋል።

የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርቶችና ኢትዮጵያ

ሁሉንም የመድኃኒት ትዕዛዝ በኮምፒውተር መዝግቦ ከሆስፒታል መረጃ ጋር ማገናኘት ባልተቻለባቸው አገሮች እንደ ኦንታሪዮ ያለ ጥናት ማካሄድ ያዳግታል። በእነዚህ አገሮች ዋናው የመረጃ ምንጭ የጤና ባለሙያዎች በፈቃደኝነት የሚልኩት የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል ፕሮግራም በ1968 የተጀመረ ሲሆን፣ የመረጃ ቋቱ በስዊድን ኡፕሳላ ከተማ በሚገኘው ማዕከል ይያዛል። ቋቱ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሪፖርቶችን ይዟል። ኢትዮጵያም የፕሮግራሙ አባል ስትሆን ሪፖርቶቹ የሚሰበሰቡት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኩል ነው።

በሪፖርቶች ላይ የሚሠራው ስሌት ከላይ የተገለጸውን “የሚጠበቀው ምን ያህል ነበር?” የሚለውን ጥያቄ ይከተላል። አንድ ጉዳት ከመድኃኒቱ ከአንደኛውና ከሁለተኛው ጋር ለየብቻ ምን ያህል ጊዜ እንደተመዘገበ ታይቶ ሁለቱ ሲገናኙ የሚጠበቀው ቁጥር ይሰላል። ችግሩ ቁጥሮቹ ጥቂት ሲሆኑ ምጣኔው ያለ ልክ መጉላቱ ነው። 0.1 ሪፖርት በሚጠበቅበት ቦታ አንድ ሪፖርት ቢመጣ ምጣኔው አሥር እጥፍ ይሆናል። የኡፕሳላ ማዕከል ባለሙያዎች በ2008 ያስተዋወቁት ኦሜጋ የተባለ መለኪያ በታየውም በተጠበቀውም ላይ ግማሽ በመጨመር ይህን ያለዝባል። ከላይ ያለው ምጣኔ ወደ 2.5 ሲወርድ፣ ሁለት በሚጠበቅበት 20 ሪፖርት ቢመጣ ግን ምጣኔው ከ10 ወደ 8.2 ብቻ ይቀንሳል። ብዙ መረጃ ያለው ጥንድ እምብዛም አይነካም፤ በአንድ ሪፖርት ብቻ የቆመው ግን ድምፁ ዝቅ ይላል። እንዲህ የተገኘ ምልክት የሚቀጥለውን ምርመራ ለመጀመር ያገለግላል እንጂ መድኃኒት ለማገድ ብቻውን አይበቃም።

በኢትዮጵያ ልዩ ትኩረት ከሚሹት ጥንዶች አንዱ ዋርፋሪንና ሪፋምፒሲን ነው። በቁርጥማት ሳቢያ የሚመጣ የልብ ቧንቧ በር ሕመም በወጣቶች ላይ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ ሰው ሠራሽ የብረት በር የተተከለላቸው ሕሙማን ዋርፋሪንን ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ዋና መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ ዋርፋሪንን የሚበታትኑትን የጉበት ኢንዛይሞች ስለሚያበራክት የዋርፋሪን ኃይል ይዳከማል፤ በበሩ ላይ ደም ሊረጋም ይችላል። ሐኪሙ በዚህ ጊዜ የዋርፋሪኑን መጠን ከፍ ያደርጋል።

አደጋው በሌላ አቅጣጫ የሚመጣው ሪፋምፒሲን ሲቆም ነው። የኢንዛይሞቹ መብዛት ወደ ቀድሞው የሚመለሰው ሁለት ሳምንት ያህል ወስዶ በመሆኑ፣ መጠኑ ከፍ እንዳለ የቀረ ዋርፋሪን የነቀርሳው ሕክምና ካለቀ ከቀናት በኋላ ከባድ መድማት ሊያስከትል ይችላል። ሕመምተኛው በደማበት ቀን የሚወስደው መድኃኒት ዋርፋሪን ብቻ ነው። ሪፖርቱን የሚሞላው ባለሙያ በዕለቱ የሚወሰዱትን ብቻ ከጻፈ ጉዳቱ በመረጃ ቋቱ ውስጥ የአንድ መድኃኒት ጉዳት ሆኖ ይመዘገባል፤ የትኛውም የስታቲስቲክስ ዘዴ ሪፋምፒሲንን ከዚያ ሊያወጣው አይችልም። በጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት ቅጽ ላይ በቅርቡ የተቋረጡ መድኃኒቶች እንዲጻፉ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብም መጠኑ፣ የተጀመረበትና የቆመበት ቀን እንዲሞላ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።